ትንሹን ድርሻ የምትወስድ ሌባ

አክስቴ ሌባ ናት ብዬ ሃያ ዓመት ሙሉ አምኛለሁ። አምኜም በልቤ አልያዝኩትም፤ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ኋላም ለባሌ፣ «እኛ ቤት እንኳ አንዲት ሌባ ነበረች፤ እጅ ከፍንጅ የያዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ገና በስምንት ዓመቴ» እያልኩ እንደ ቀልድ አውርቼዋለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቴ ግን ይህን ወሬ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ነገር የረሳች ይመስል ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እህቷ ትዝ ብላት ሆዷ ባብቶ ነው እል ነበር። ሆዷስ ባብቶ ነበር፤ ምክንያቱን ነው ያላወቅሁት።

ያኔ ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህትና እኔ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር ይባላል፤ እኔ ሳልወለድ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። መሃሏ ላይ የተጋረደ አሮጌ አንሶላ ለሁለት ይከፍላታል፤ ከአንሶላው ወዲህ እኔና እናቴ የምንተኛበት አልጋ፣ ከአንሶላው ወዲያ ጠረጴዛ፣ ምድጃና የአክስቴ ፍራሽ። አንሶላው ከመታጠብ ብዛት ስለሳሳ ወዲያ በኩል ብርሃን ካለ ወዲህ የተኛ ሰው ሁሉን ያያል። ወሬኛ ልጅ ስለነበርኩ ይህ ለእኔ ትልቅ ሀብት ነበር።

እናቴና አክስቴ የሚሠሩት አንድ ላውንደሪ ውስጥ ነው። የሆቴሎች አንሶላና ፎጣ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ በማግስቱ ይመለሳል። የእነሱ ቦታ መተኮሻው ክፍል ነበር። ከሚሽከረከረው ትልቅ ካውያ ትኩስ ሆኖ የሚወጣውን አንሶላ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ትይዘዋለች፤ ይወጥሩታል፣ ያጥፉታል፣ ተቀራርበው ጫፍና ጫፉን ያገናኛሉ፣ እንደገና ይራራቃሉ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። እንፋሎቱ ፊታቸውን ስለሚሸፍነው የሚታየኝ እጃቸውና የሚሄድ የሚመጣ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። የመንገድ አቧራ አንሶላው ላይ እንዳያርፍ ብሎ አለቃው መስኮቱን በምስማር አስመትቶታል። አንሶላው በእርግጥ ንጹህ ነበር። አሥራ አራቱ ሴቶች ግን አንዷ ያስወጣችውን ትንፋሽ ሌላዋ ስትስብ ነበር የሚውሉት፤ ያን ጊዜ ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

አክስቴን ሰው ሁሉ ሚጣ ነው የሚላት። ስትወለድ አንድ ፍሬ ስለነበረች የወጣላት ስም ነው፤ ኋላ አድጋ አድጋ በራችንን አጎንብሳ የምትገባ ረጅም ሴት ስትሆን ስሙን የሚቀይርላት አልተገኘም። እሷና እናቴ ወላጆቻቸውን ያጡት በልጅነታቸው ነው። ከዘመድ ዘመድ ሲንከራተቱ የሚሰጣቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ለሁለት ነበር፤ አንድ ዳቦ፣ አንድ ብርድ ልብስ። እንዳይጣሉ ብለው የራሳቸውን ሕግ አወጡ። አንዷ ትከፍላለች፤ ከፍላም ከክፍሉ ትወጣለች። ሌላዋ ገብታ ትመርጣለች። ከፋይዋ የምትወጣው መራጯ ዓይን ሳያርፍባት፣ ሳታፍር ትልቁን እንድታነሳ ነው። ካደጉም በኋላ ሕጉን አልተዉትም፤ ዳቦውንም ሳሙናውንም ብርቱካኑንም እንዲሁ ይካፈሉ ነበር። እኔ ደግሞ የቀረውን ድርሻ መርምሬ የምፈርድ ዳኛ ነኝ።

«ዳኛዬ፣ ፍርዱ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች አክስቴ።

«ትልቁን ትተሽ ትንሹን ወሰድሽ። ቂል ነሽ።»

«ቂል? በአደባባይ? ይግባኝ እላለሁ!» ብላ እያባረረች በኩርኩራ ትገድለኛለች።

እናቴ ማሳል የጀመረችው ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ የካውያው እንፋሎት ነው ተባለ። ቀሚሷ እየሰፋት ሄዶ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ስትጀምር አክስቴ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ቲቢ ተባለ። ቃሉን የሰማሁት ከሲስተር አፍ ነው። ሲስተር የምንላት ነርሷን ነው፤ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ስትቀመጥም ስትነሳም «ወይ ጉልበቴ» የምትል ትልቅ ሴት። እኔን መረመረችኝ፤ ምንም አልተገኘብኝም። አክስቴ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ «እኔ ሥራ ቦታ ተመርምሬያለሁ፤ ምንም የለብሽም ብለውኛል» አለች። ሲስተር ወረቀቱን አምጪ አለቻት። «ነገ አመጣለሁ» አለች አክስቴ። በረንዳው ሙሉ ሰው እየጠበቀ ነበርና ሲስተር ወደሚቀጥለው ዞረች።

ያን ሰሞን አክስቴ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የላውንደሪውን አለቃ ሆና ተጫወተችልን። ትራስ ቀሚሷ ውስጥ ከታ፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ፣ «ስሙ እናንተ! አንዷን እስክትድን ብዬ አስወጥቻለሁ! ከዚያ ቤት ሁለተኛ ሳል የሰማሁ ቀን ሁለቱም በሩን የሚያዩት ከውጭ ነው!» አለች። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«እንዲህ አለ?»

«አለ። ሆዱ ግን ከዚህም ይበልጣል» አለች አክስቴ ትራሱን እየደበደበች።

እኔ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ሳቅሁ። እናቴ ሥራ ካቆመች ጀምሮ ሦስታችንም የምንኖረው አክስቴ በምታመጣው ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከትራሱ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ሁለት ወር ሙሉ እናቴ በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄደች ሲስተር ፊት መድኃኒቷን ዋጠች። ሳሉ ቀለለ፣ ጉንጯ ሞላ፣ የመርፌ ቁልፉም ከቀሚሷ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የሳምንት የሳምንቱን ቤት ወስዳ እንድትውጥ ተፈቀደላት። ሲስተር ስትሰጣት አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«በቀን ሦስት ፍሬ፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ። ገና አራት ወር ይቀርሻል። አንድ ቀን እንዳትዘዪ፣ አንዲት ፍሬ እንዳታጎድዪ። ዳንኩ ብለሽ የተውሽው ቀን ነው የሚነሳብሽ» አለቻት። ሦስት የሚለው ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

አክስቴ ትራሷ ውስጥ መሳቅ የጀመረችውም ያኔ ነው። ማለዳ ማለዳ በሳሳው አንሶላ በኩል አያታለሁ፤ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባዋ ይነሳል፣ ይወድቃል። ድምፅ የላትም። አንድ ቀን ምን እንደሚያስቃት ጠየቅኳት።

«ህልም አይቼ ነው» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

«ምን አየሽ?»

«ዳኛዬ ስታገባ። ባልሽ መላጣ ነው።»

ግቢ ውስጥ ደግሞ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፍታ ጎንበስ ብላ ትቆያለች። ጎረቤት ውሃው አለቀ ብሎ ሲጮህ «ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው!» ትላለች። በቀን አምስት ጊዜ ጥርሷን የምትቦርሽ ሴት በሕይወቴ እሷን ብቻ ነው የማውቀው። ዛሬ ሳስበው ያ ውሃ ምን ያህል ሳል እንደሸፈነ አውቃለሁ። ያኔ ግን ደስተኛና ንጹህ አክስት አለችኝ ብዬ ነበር የምኮራው።

ከዚያ ሌብነቱን አየሁ።

ጎህ ቀዶ ብርሃኑ በመስኮቱ መግባት ጀምሯል። እናቴ ባልዲዋን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የተከደነ ሳህን አለ። አክስቴ ከፍራሿ ተነስታ በሩን አየት አደረገችና ክዳኑን ከፈተች። አንድ ቀይ ኪኒን አንስታ ያለ ውሃ ዋጠች። ክዳኑን ኮሽ እንዳይል በሁለት እጇ መለሰችው። ለብሳ ወደ ሥራ እንደወጣች ዘልዬ ተነስቼ ሳህኑን ከፈትኩት። የቀረው ሁለት ነው።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በማግስቱም ጠበቅሁ። በሦስተኛውም ቀን ጠበቅሁ። እናቴ ትወጣለች፣ አክስቴ ትነሳለች፣ አንድ ትወስዳለች፣ ሁለት ትተዋለች። ሁለቱን የምትተወው እንዳይታወቅባት ነው፣ ሁሉንም ብትወስድ ትነቃባታለች ብዬ ተነተንኩት። የሌባ ዓይነ ደረቅ የሚሉት ይህ ነው አልኩ። ለምን እንደምትሰርቅ ግን ምክንያት አላጣሁም፤ መድኃኒቱ እናቴን እንዳወፈራት አይቻለሁ፣ አክስቴ ደግሞ እየከሳች ነው። መወፈር አምሯት ነው አልኩ።

በዚያ ላይ እናቴ እንደገና ታመመች። ሳሉ ተመለሰ። ጠዋት አጠገቧ ስነሳ የለበሰችው ሁሉ በላብ ረጥቦ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን የዩኒፎርሜን ቁልፍ ስትቆልፍልኝ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ ስንት ኪኒን ነው የምትውጪው?»

«የታዘዘልኝን ነዋ።»

«ሦስት?»

«ሦስት» አለች። ዓይኗን ከቁልፉ ላይ አላነሳችም። እናቴ ውሸት አትችልም፤ ስትዋሽ ሰው አታይም። ይህን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ ሌላ ነው፤ ምስኪን እናቴ ሳትቆጥር የምትውጥ የዋህ ሆና ተገኘችብኝ። እኔ ካልደረስኩላት ማን ይደርስላታል?

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ትልቁ መዝገብ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች።

«ብቻሽን ነው የመጣሽው፣ ሚሚ?»

«ሲስተር፣ አክስቴ የእማዬን መድኃኒት ትሰርቃለች። በየቀኑ አንድ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ታስላለች?» አለች።

«እማዬ?»

«አክስትሽ።»

«እሷ አታስልም። ትስቃለች። ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ፣ እንዲህ» ብዬ ትከሻዬን እያንቀጠቀጥኩ አሳየኋት።

ሲስተር መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በመዳፏ ያዘች። «ወይ ጉልበቴ» አለች፤ ግን አልተነሳችም።

«ፖሊስ ይጠራሉ?» አልኳት።

«አይ፣ የኔ ልጅ። እኔው እመጣለሁ።»

በማግስቱ አክስቴ ከሥራ እንደተመለሰች ሲስተር መጣች። አፍና አፍንጫዋን በነጭ ጭንብል ሸፍናለች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም፤ መስኮቱን ከፈተች፣ በሩንም ወለል አድርጋ ተወችው።

«መድኃኒቱ ለሁለት እየተዋጠ እንደሆነ ሰምቻለሁ» አለች። «የመጣሁት ልቆጣ አይደለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።»

እናቴ አፏን ከፈተች።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ ቀድማት። «ሰርቄ ነው። እትዬ አታውቅም።»

«ሚጣ!»

«ዝም በይ፣ እትዬ። አታውቅም ሲስተር፤ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ነው የምወስደው። ሁለት ወር ይሆነኛል። ልጅቷም አይታኛለች፤ ይኸው ይጠይቋት።»

ሦስቱም ወደኔ ዞሩ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሌባዋ በራሷ አፍ አመነች፤ ምስክሯም እኔ ነኝ። «አይቻለሁ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አክስቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ፤ ጎሽ እንደማለት ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ እኔ ቤት ከእናቴ ጋር የታጠበ አንሶላ እያጠፍን ነበር። ትንሿ ልጄ አጠገባችን ትጫወታለች። ያቺን የሌባዋን ወሬ ለልጄ ስጀምርላት እናቴ የያዘችውን ጫፍ ሳትለቅ ባለችበት ቆመች።

«እኔ ነኝ የምከፍለው» አለች።

«ምኑን?»

«ኪኒኑን። ማለዳ ተነስቼ ሳህኑ ላይ አደርገዋለሁ፤ ሁለቱን በአንድ በኩል፣ አንዷን በሌላ በኩል። ከዚያ ከድኜው ውሃ ልቀዳ እወጣለሁ። ሕጋችን ነዋ። ሁለቱን ትወስዳለች ብዬ ነው የምወጣው፤ እሷ ብሶባት ነበር። ስመለስ ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚጠብቀኝ።»

አንሶላው ከእጄ ወደቀ። እሷ መናገሯን አላቆመችም። አክስቴ ጤና ጣቢያ ብትመዘገብ ሲስተር ላውንደሪው ድረስ መጥታ ሌሎቹን መመርመሯ አይቀርም፤ አለቃው ያወቀ ቀን ደግሞ ቤታችን ውስጥ የሚሠራ ሰው አይኖርም። እናቴ እስክትድንና ሥራዋ እስክትመለስ ብቻ ያለውን ተካፍለው ሊገፉ፣ ከዚያ አክስቴ በተራዋ ልትታከም ነበር የተስማሙት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያኖራቸው መካፈል ይህንንም የሚያሻግራቸው መስሏቸው ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እኔ ማለት ያቺ ነኝ» አለች እናቴ።

«ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ እሷ አስማለችኝ። ኋላ ደግሞ አፈርኩ። አንድ ዓመት ያፈሩበት ነገር ሃያ ዓመት ያሳፍራል።»

የማለቅሰው ለማን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስኩ። ዳኛ ነኝ ስል የኖርኩት እኔ፣ ትንሹን ድርሻ የምትወስድ ሌባ በዓይኔ አይቼ ሌባ ናት ብዬ ፈርጃለሁ። ሲስተር እንኳ ያን ቀን አልተታለለችም አለችኝ እናቴ። አውቃ ነው፤ አሳፍራቸው ሁለቱም እንዳይጠፉባት ብላ የአክስቴን ቃል እንዳለ ተቀብላ ሄደች።

ያኔ፣ ሲስተር ቤታችን ከመጣች በኋላ፣ የሁለቱም አክታ ለምርመራ ተላከ፤ ውጤቱ የመጣው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። የሁለቱም በሽታ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። «ግማሽ መድኃኒት ሁለት ሰው አያድንም፤ ጀርሙን ነው የሚያስተምረው» ብላ ነበር ሲስተር ለእናቴ። በእርግጥ ጀርሙ የተማረው እኛ ሳህን ላይ ይሁን ወይስ ቀድሞውኑ ተምሮ ከዚያ በምስማር ከተመታው የላውንደሪ መስኮት ጀርባ የመጣ፣ የነገረን የለም። ከመተኮሻው ክፍል ሦስት ሴቶች ደግሞ ተገኙ። መስኮቱ ያን ጊዜ ተከፈተ።

አዲሱ ሕክምና ሃያ ወር ነው ተባለ። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ አሥራ አራት ኪኒን። እናቴ ከቤት እየተመላለሰች እንድትታከም ተፈቀደላት። የአክስቴ ሳንባ ግን በጣም ተጎድቶ ነበርና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሆስፒታል እንድትገባ ተወሰነ። ነጭ መኪና መጣ፤ ጭንብል ያደረጉ ሁለት ሰዎች ወረዱ። ለእኔ የእስር ቤት መኪና ነው። አክስቴ በራችንን አጎንብሳ ወጣችና ዞር ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔ ምላሴን አወጣሁባት።

ልንጠይቃት የሄድነው ከወር በኋላ ነው። ሆስፒታሉን ሳይ ነገሩ ሁሉ ልክ መጣልኝ፤ የሽቦ አጥር አለው፣ በር ላይ ጥበቃ አለው፣ የተያዙት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ልብስ ለብሰው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጠያቂ ከአጥሩ ውጭ፣ መሬቱ ላይ ከተሰመረው መስመር ወዲህ ይቆማል። አክስቴ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ረጅሟ ሴት አጥራ ታየችኝ። እናቴ ስታያት አለቀሰች፤ እኔ ጀርባዬን ሰጠኋት።

«ዳኛዬ» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ጎርንኗል። «አኩርፈሽኛል እንዴ?»

«አላናግርሽም። ሌባ ነሽ።»

«አይደለችም!» አለች እናቴ። «ልጄ፣ ስሚኝ፣ እሷ እኮ...»

«እትዬ!» አለች አክስቴ። እንዲህ አድርጋ ታላቋን ስትቆጣ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ሁለቱ በአጥሩ በኩል ሲከራከሩ በጀርባዬ ሰማሁ፤ «ትወቅ» ትላለች እናቴ፣ «አትወቅ» ትላለች አክስቴ። «ዛሬ ብትነግሪያት ነገ ትተኛለች። ሌባ አለ ብላ ስታምን ነው የምትነቃው። አንቺን አውቅሻለሁ፤ ማቅለሽለሹ ሲብስብሽ ትተይዋለሽ። እስክትጨርሺ ድረስ ሌባ ልሁን። ማይልኝ።» ከዚህ ውስጥ የገባኝ «ሌባ ልሁን» የምትለዋ ብቻ ናት። አሁንም አላፈረችም አልኩ በልቤ።

«ነኝ፣ ሌባ ነኝ» አለችኝ ከዚያ። «ልክ ነው የፈረድሽው። ግን እናትሽ ደግ ናት፣ ለለመናት ሁሉ ትሰጣለች። ስለዚህ መድኃኒቷን አንቺ ነሽ የምትጠብቂላት። ለማንም እንዳታሰጪ። እኔ ከዚህ አምልጬ መጥቼ ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ። እያንዳንዷን ስትውጥ አፏን አስከፍተሽ እይ። እምቢ ካለችሽ ለሲስተር ተናገሪ፤ መናገር ታውቂበታለሽ።»

ያኔ ነው የዞርኩት። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ማይ» አለች።

«እናቴ ትሙት፣ አንዲት ፍሬ አልሰጥሽም!» አልኩ። በጥላቻ ነው የማልኩት፤ ጥርሴን ነክሼ። አክስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞሮ አጎነበሳት፤ ጥበቃው በቃ ብሎ መለሰን። ያን ቀን እሷን ያየሁበት የመጨረሻው ቀን ነው። ስንት ዓመት ቢያልፍ አንድ ጥሩ ቃል ብወረውርላት ኖሮ የሚለው ሐሳብ አይለቀኝም። እሷ ግን የፈለገችውን ቃል ተቀብላ ነው የገባችው።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ጨቋኝ ሆንኩ። በሥራ ቀን ሲስተር ታያታለች፤ እሑድ ጤና ጣቢያው ዝግ ስለሆነ ኪኒኑን ቤት ነው የምትውጠው፤ እሑድ የእኔ ነው። አሥራ አራቱን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ፊቷ እቆማለሁ። «አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ።» አንድ ጊዜ ከምላሷ ሥር አንዷን ደብቃ አገኘሁባትና ለሲስተር ነገርኩባት። ታስመልሳለች፣ ጆሮዬ ይጮሃል ትላለች፣ ግድግዳ እየያዘች ትሄዳለች። «ልጄ፣ ዛሬን ብቻ» ትለኛለች። እኔ የማየው ግን ከበሩ ውጭ ያደፈጠችውን ረጅም ሌባ ነው፤ የተረፈችውን ሁሉ ልትወስድ የምትጠብቀውን። ስለዚህ አልራራም።

በአምስተኛው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ሲስተር ቤታችን መጣች። ነጩን ልብስ አልለበሰችም፤ እንደማንኛውም ሴት ነጠላ ጫማና ቀሚስ ለብሳ ሳያት ለጊዜው አላወቅኋትም። በሩ ላይ ቆማ እናቴን እጇን ያዘቻት። ያወሩት ጥቂት ነው። እናቴ ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ጩኸት የጠበቅሁት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ግን አልጮኸችም። «ትንሹን ነበር የምትወስደው፣ ሲስተር» አለች። «ሁልጊዜ ትንሹን ነው የምትወስደው።» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ሲስተርም «ወይ ጉልበቴ» ሳትል አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አክስቴ እንደሞተች ገባኝ። አላለቀስኩም። ሰዓቱን አየሁ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት አልፏል። አሥራ አራቱን ደርድሬ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ሁለቱ ሴቶች ወደተቀመጡበት ሄጄ ቆምኩ።

«ዋጪ» አልኳት።

«ዛሬ አልችልም፣ ልጄ። ዛሬን ተይኝ።»

«ምዬአለሁ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እናቴ እጇን ዘረጋችና አንዷን ወሰደች፤ ዋጠች። ሁለተኛዋን ዋጠች። እንባዋ ብርጭቆው ውስጥ እየገባ አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ዋጠች። ሳልጠይቃት አፏን ከፈተች፣ ምላሷን አነሳች፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም የለም።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ሌባዋ ከሞተች ከእንግዲህ መጠበቄን ላቁም?»

እናቴ ጎትታ ደረቷ ላይ አጣበቀችኝ።

«አታቁሚ» አለችኝ።

አላቆምኩም። ገና አሥራ አምስት ወር ይቀረን ነበር።